ከሦስቱ ከባድ ፒካፖች የቱ ይበረክታል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ወደ 6 ቶን የሚመዝን ተሳቢ በሳምንት ሦስት አራት ቀን እጎትታለሁ። ያገለገለ ባለናፍጣ ከባድ ፒካፕ ልገዛ ነው። ያሰብኳቸው ፎርድ ሱፐር ዲዩቲ፣ ራም ከከሚንስ ሞተሩ ጋር እና ሸቭሮሌ ሲልቨራዶ ከዱራማክስ ሞተሩ ጋር ናቸው። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የራሱን ያሞግሳል። አሥር ዓመት ልይዘው ነው ሐሳቤ። የትኛው ነው የሚበረክተው? የትኛውስ ነው መንገድ ላይ የማይጥለኝ?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ለሁለት ከፍለህ በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ነው የሚጠይቀው። መበርከት አንድ ነገር ነው። መንገድ ላይ አለመጣል ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

አንድ ቀን ጋራዥ በሰው ተጎትቶ የመጣ ፒካፕ ነበር። ማርካውን ልተወው። ከ500 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል። ሞተሩን አስነስቼ የዘይት መሙያ ክዳኑን ከፈትኩት። ጭስ የለም፣ ንፋስ የለም። ክዳኑን ገልብጬ ቀዳዳው ላይ ባስቀምጠው እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ውስጡ ገና ጤነኛ ነው። ያቆመው ጭስ ማውጫው ላይ ያለች አውራ ጣት የምታክል ሴንሰር ናት። እሷ ስትበላሽ ኮምፒውተሩ ጉልበቱን ቀነሰ፣ ቀጥሎ ፍጥነቱን ገደበ። ባለቤቱ ጭነቱን ይዞ መሀል መንገድ ቀረ። ይህ መኪና በርክቷል። ግን አስተማማኝ ነው ልትለኝ ትችላለህ? እንዳንተ ሥራው ላይ የሚውል ሰው ሁለቱንም መመዘን አለበት።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልንገርህ። ሦስቱም ኩባንያዎች ድንቅ ዓመት አላቸው፣ የሚያስለቅስም ዓመት አላቸው። «ፎርድ ይሻላል» ወይም «ራም ይሻላል» የሚል ሰው ስለየትኛው ሞተር፣ ስለየትኛው ፖምፓ (ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው)፣ ስለየትኛው ካምቢዮ እንደሚያወራ ጠይቀው። የእነዚህ የሦስቱ ጥምረት ነው መኪናውን የሚያኖረው ወይም የሚገድለው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከከሚንስ ልጀምር፤ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነውና። ዶጅ ራም ላይ የተገጠመው በ1989 ነው። 5.9 ሊትር፣ ስድስቱም ሲሊንደር በአንድ መስመር። ክራንክ ሻፍቱን 7 ኩሽኔት ይዞታል፤ የተቀናቃኞቹን ባለስምንት ሲሊንደር ቪ ሞተሮች ግን 5 ብቻ ነው የሚይዛቸው። ቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል፣ አንድ ነው። ለጥገና ቦታ አለው፤ እጅህ ይገባል። ሞተሩ ብቻውን ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል። ይህ ክብደት በከንቱ አይደለም።

ያም ሆኖ እንከን አልባ አልነበረም። ባለ 12 ባልቦላው ላይ፣ ከፊት ባለው የማርሽ ቤት ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ የብረት ፒን አለች። ሜካኒኮቹ «ገዳይዋ ፒን» ነው የሚሏት። በንዝረት ቀስ በቀስ ከቦታዋ ትወጣና ማርሾቹ መሀል ትወድቃለች። መድኃኒቷ ቀላል ነው፤ መውጫዋን በቁራጭ ብረት መዝጋት። ከ1998 አጋማሽ ጀምሮ የመጣው ባለ 24 ባልቦላ ደግሞ ቪፒ44 የሚባል ኤሌክትሮኒክ ፖምፓ ይዞ መጣ። ይህ ፖምፓ የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በውስጡ በሚያልፈው ናፍጣ ነው። ናፍጣ የሚያቀብለው ትንሹ ፓምፕ ሲደክም ዋናውም ተከትሎት ይሞታል። ይህችን ነገር ያዝልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

በ2007 ሞተሩ ወደ 6.7 ሊትር አደገ። አንተ የምታገኘው ይኼኛውን ነው። ሞተሩ ጠንካራ ነው፣ ይሄ አያከራክርም። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። በብርድ ጊዜ አየሩን የሚያሞቅ ምድጃ መሰል ብረት አየር ማስገቢያው ላይ ተገጥሟል። ኤሌክትሪክ የሚያደርሱለት ብሎኖች አሉ። በሺዎች ጊዜ ሲግሉና ሲቀዘቅዙ አንዱ ይላላል። ሲላላ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ጫፉ ይቀልጣል፣ በመጨረሻም ይቆረጣል። የተቆረጠው ቁራጭ የት ይሄዳል? አየሩ ወደሚሄድበት፣ ብዙ ጊዜ ወደ ስድስተኛው ሲሊንደር። ፒስተኑን ይቀጠቅጠዋል። ሚሊዮን ማይል ይሄዳል የተባለ ሞተር በአንዲት ብሎን ያልቃል። በየመንገዱ ይደርሳል እያልኩህ አይደለም። ከደረሰ ግን ሞተር መቀየር ነው። ከሚንስ በ2025 ሞዴል ይህን ማሞቂያ ትቶ ሲሊንደሩን በቀጥታ ወደሚያሞቁ ካንዴላዎች ዞሯል። ከዚያ በፊት የተሠራውን ስታይ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ባትሪው ተፈትቶ፣ ከውጭ የሚታየውን የገመድ መያዣ ብሎን በጣትህ ነቅነቅ አድርገው። ትንሽ እንኳ ከተነቃነቀ ሳይስተካከል መኪናውን አታስነሳው።

ሌላም አለ። በ2023 መጨረሻ ከሚንስ በጭስ ቁጥጥር ጉዳይ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር 1.675 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ሊከፍል ተስማምቷል። ጉዳዩ በዋናነት የነካው ከ2013 እስከ 2019 የተሠሩትን ራሞች ነው፤ ሶፍትዌራቸው እንዲቀየር ተጠርተዋል። የምትገዛው ከእነዚህ ከሆነ ተደርጎለት እንደሆነ አስጣራ።

ወደ ፎርድ እንሂድ። የፎርድ ታሪክ ከፍታና ዝቅታው የበዛ ነው። ከ1994 አጋማሽ እስከ 2003 የነበረው 7.3 ሊትር ፓወር ስትሮክ እስከ ዛሬ የሚፈለግ ሞተር ነው። ጉልበቱ ዛሬ ላለው ሥራ ያንሳል እንጂ ጥንካሬው የተመሰገነ ነው። ቀጥሎ ከ2003 እስከ 2007 የመጣው 6.0 ሊትር ግን የብዙ ሰው ጎጆ አፍርሷል።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ትምህርት አለውና። የዘይት ማቀዝቀዣው በጣም ጠባብ መተላለፊያ አለው። የራዲያተሩ ውሃ ውስጥ ያለ ዝቃጭና አሸዋ እዚያ ይጠራቀማል። ለጭስ ማቀዝቀዣው፣ ኢጂአር ለሚባለው፣ የሚሄደው ውሃ ደግሞ መጀመሪያ በዚያ ጠባብ መንገድ ነው የሚያልፈው። ዘይት ማቀዝቀዣው ሲደፈን ጭስ ማቀዝቀዣው ውሃ ይጠማዋል። ሲጠማው ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ውሃ ወደ ሞተሩ ይገባና እንፋሎት ይሆናል። በ7.3 ላይ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ዙሪያ 6 የቴስታታ ብሎን ነበር። እዚህ 4 ብቻ ነው ያለው። ያን ግፊት አይችሉትም፤ ቴስታታው ብድግ ይላል፣ ጋስኬቱ ያልቃል። ሰው ጋስኬት ቀይሮ ይወጣል፣ የተደፈነውን ማቀዝቀዣ ሳይነካ። ከወራት በኋላ እንደገና ይመለሳል። ሥሩ ሳይነቀል ቅርንጫፍ መቁረጥ ማለት ይህ ነው። ሥሩ በትክክል የተስተካከለለት 6.0 ጥሩ ይሠራል። ግን ለአንተ ሥራ አልመክርህም።

ከ2008 እስከ 2010 ያለውን 6.4 ጭራሽ አታስበው። የጥቀርሻ ማጣሪያውን ለማቃጠል ሲሊንደር ውስጥ ተጨማሪ ናፍጣ ይረጫል፣ ያ ናፍጣ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ኩሽኔቶቹ ይበላሉ። ለከባድ ጥገናም ጋቢናውን ከሻንሲው ማንሳት ያስፈልጋል።

በ2011 ፎርድ 6.7 ሊትሩን ራሱ ሠራ። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቱርቦ ትንሽ ደካማ ነበር። ከ2015 ጀምሮ ትልቅ ቱርቦ ገባለት፣ ብዙ ነገርም ተስተካከለ። ሞተሩን በሙሉ ልብ አከብረዋለሁ። ጥርጣሬዬ ያለው ፖምፓው ላይ ነው።

አሁን ያዝልኝ ወዳልኩህ ነገር ልመለስ። ሲፒ4 ስለሚባለው የቦሽ ፖምፓ ሳይነገር የእነዚህ መኪኖች ወሬ ሙሉ አይሆንም። ቀድሞ የነበረው ሲፒ3 ሦስት ገፊ ነበረው። ሲፒ4.2 ሁለት ብቻ አለው። እያንዳንዱ ገፊ ጫፉ ላይ ትንሽ ተሽከርካሪ አለው፤ እሷ በካሙ፣ ማለትም ገፊውን እየተሽከረከረ በሚገፋው ዘንግ፣ ላይ እየተንከባለለች ናፍጣውን ወደ 2,000 ባር ትገፋዋለች። ችግሩ ገፊው በቦታው ላይ ሊጠመዘዝ መቻሉ ነው። ሲጠመዘዝ ተሽከርካሪዋ መንከባለል ትታ ካሙን ትፍቃለች። ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚወጣው ብናኝ ከናፍጣው ጋር ይሄዳል። ወደ ኢንጀክተሮቹ፣ ወደ ቧንቧዎቹ፣ በመመለሻውም በኩል ወደ ታንከሩ። አንድ ፖምፓ ሲሞት የናፍጣ መስመሩን በሙሉ ይዞ ይሞታል። ሂሳቡ ብዙ ጊዜ 10 ሺህ ዶላር አካባቢ ይደርሳል።

ምን ይገድለዋል? የናፍጣ ማነስ፣ አየር፣ ውሃ፣ እና ልስላሴ የሌለው ናፍጣ። በ2006 አሜሪካ ውስጥ የናፍጣ ድኝ ከ500 ወደ 15 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) ወረደ። ለጭሱ መልካም ነው። ነገር ግን ድኙ ሲወጣ የናፍጣው ተፈጥሯዊ ልስላሴም ቀነሰ። ልስላሴን የሚለካ የፍተሻ ምልክት አለ፤ በብረት ላይ የሚቀረው የመፋቅ ጠባሳ ስፋት ነው። የአውሮፓ ደረጃ እስከ 460 ማይክሮን ይፈቅዳል፣ የአሜሪካው እስከ 520። ጠባሳው በሰፋ ቁጥር ናፍጣው ደረቅ ነው ማለት ነው። ለደረቁ ናፍጣ ያልተመቸ ፖምፓ እዚያ መግጠም፣ እንግዲህ ውጤቱን አየነው።

ዱራማክስ ከ2011 እስከ 2016 ይህንኑ ፖምፓ ነበረው። ከዚህም የከፋው፣ ከታንከሩ ናፍጣ የሚገፋለት አቀባይ ፓምፕ አልነበረውም፤ ፖምፓው ራሱ መጥባት ነበረበት። ፎርድ ግን አቀባይ ፓምፕ አለው። በፎርዱ ላይ መሞቱ የሚያንሰው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ራም በ2019 እና በ2020 ሲፒ4ን ገጠመ፣ ቆየት ብሎም መኪኖቹን ጠርቶ ወደ ሲፒ3 መለሳቸው። አንድ አምራች አዲሱን ትቶ ወደ አሮጌው ሲመለስ አስበው። ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ዱራማክስን ጀመርኩት፣ ልጨርሰው። በ2001 ጄኔራል ሞተርስ ከኢሱዙ ጋር ሆኖ ያመጣው ነው። የመጀመሪያው፣ ኤልቢ7፣ ኢንጀክተሮቹ ቶሎ ይሰነጠቁ ነበር፤ የተቀመጡትም ከባልቦላ ክዳኑ ሥር ስለሆነ ጥገናው ረጅም ነው። ኩባንያው ዋስትናቸውን ወደ 7 ዓመት ወይም 200 ሺህ ማይል ለማራዘም ተገዷል። በ2006 እና በ2007 የነበረው ኤልቢዜድ ዛሬም ይወደዳል። ከላይ ያልኩህን ከ2011 እስከ 2016 ያለውን በፖምፓው ምክንያት ዝለለው። በ2017 ኤል5ፒ መጣ። ፖምፓው የዴንሶ ነው፣ ታንከሩ ውስጥም አቀባይ ፓምፕ ገባለት። 445 የፈረስ ጉልበት አለው። በዚህ ሞተር ውስጥ አንድን መኪና በአንድ ቀን የሚገድል የታወቀ ሕመም አላውቅም። የሚያስቸግሩት የጭስ ሴንሰሮችና ጭሱን ለማጽዳት የሚረጨው ዩሪያ ታንከር ማሞቂያ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በሦስቱም ላይ አሉ።

ካምቢዮ። ሰው ስለ ሞተር ሲከራከር ይውልና ተሳቢ ሲጎትት የሚጥለው ካምቢዮው ነው። ራም 2500 ላይ (ከ3500ው ቀለል ያለ ጭነት የሚችለው ነው) እስከ 2024 ሞዴል ከከሚንሱ ጋር ይመጣ የነበረው 68አርኤፍኢ የተባለ ካምቢዮ የዚህ መኪና ደካማ ጎን ነው። ለቀላል ሥራ ይበቃል። 6 ቶን በሳምንት አራት ቀን ግን ይከብደዋል። ከ2013 እስከ 2024 ራም 3500 ላይ ከጉልበተኛው ከሚንስ ጋር ይገኝ የነበረው አይሲን የተባለ ካምቢዮ ሌላ ነገር ነው። ማርሽ ሲቀይር ትንሽ ጎተት ይላል እንጂ የጭነት መኪና ካምቢዮ ነው። የፎርድ ባለ 6 ማርሽ፣ ከ2011 እስከ 2019 ያለው፣ ጠንካራ ነው። የጄኔራል ሞተርስ ባለ 6 ማርሽ አሊሰን፣ እስከ 2019፣ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። በ2020 በአሊሰን ስም የመጣው ባለ 10 ማርሽ ለመንዳት ይጥማል። ሆኖም ከ2020 እስከ 2022 የተሠሩት ባለናፍጣዎች ውስጡ ባለ ባልቦላ መበላት ምክንያት የኋላ ጎማ ለቅጽበት ሊቆልፍ ይችላል ተብሎ ተጠርተዋል። ይህ ደግሞ ጭነት ይዞ ለሚሄድ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ እግሩ ብዙ አልልም። ፎርድና ራም ባለአራት ጎማ ነጂዎቹ ላይ ፊት ለፊት ደንዳና ዲፈረንሻል አላቸው፤ ለጭነት ጠንካራ ነው። ማያያዣዎቹ ሲላሉ ግን ጉድጓድ በነካ ቁጥር መሪው እጅህን እስኪነጥቅህ የሚያናውጥ በሽታ ይመጣል። ሲልቨራዶ የፊት እግሮቹ ለየብቻ ስለሆኑ ይህ አያገኘውም፣ በፈንታው የመሪ ዘንጎቹ ቶሎ ያልቃሉ።

አሁን ስለ አንተ ተሳቢ። 6 ቶን ከሆነ 2500 ወይም ኤፍ-250 ውስጥ እንዳትገባ። መኪናው ይችላል ይሉሃል፤ ልክ ናቸው፣ ይጎትታል። ነገር ግን ከኋላ በኳስ የሚጎተት ተሳቢ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶውን መኪናው ላይ ያሳርፋል። ያ ከ600 እስከ 900 ኪሎ ነው። የመኪናው የጭነት ሳጥን መሀል የሚቀመጥ መጎተቻ ከሆነ ከ15 እስከ 25 በመቶ፣ አንድ ቶን ተኩል ሊደርስ ነው። ብዙዎቹ ባለ 2500 መኪኖች ከነጭነታቸው እስከ 10 ሺህ ፓውንድ፣ ማለትም 4.5 ቶን ገደማ ብቻ ነው የተፈቀደላቸው። የናፍጣው ሞተር ከዚያ ላይ የራሱን ድርሻ በልቷል። አንተ፣ ታንከሩ የያዘው ናፍጣና ሁለት ሰው ሲጨመርበት ሞልቷል። ባሌስትራው ሁልጊዜ ተጭኖ የሚኖር መኪና ፍሬኑም ኩሽኔቱም ቀድሞ ያልቃል። 3500 ወይም ኤፍ-350 ግዛ። የሾፌር በሩ አጠገብ ያለው ተለጣፊ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብብ፤ ከሻጩ ወሬ እሱን እመን።

በሳምንት አራት ቀን መጎተትህ ለጥቀርሻ ማጣሪያው ጥሩ ዜና ነው። ማጣሪያው ራሱን የሚያጸዳው ሲግል ነው። የሚሰቃዩት አጭር መንገድ የሚሄዱና ቆመው ሞተር የሚያስነሱ ናቸው። ስለዚህ የምትገዛው መኪና ካንተ በፊት እንዴት እንደኖረ ማወቅ አለብህ። ዳሽቦርዱ ላይ ከኪሎ ሜትሩ ሌላ የሞተር ሰዓት ታገኛለህ። ኪሎ ሜትሩን ለሰዓቱ አካፍለው። 160 ሺህ ኪሎ ሜትር በ2,700 ሰዓት ከሆነ በአማካይ 59 ነው የሄደው፤ የረጅም መንገድ መኪና ነበር። ያው 160 ሺህ በ6,400 ሰዓት ከሆነ ግን አማካዩ 25 ነው። ይህ መኪና ዕድሜውን ቆሞ ሲንተከተክ ነው ያሳለፈው። ኪሎ ሜትሩ አንድ ነው፣ ሞተሩ ግን ከእጥፍ በላይ ሠርቷል። የጭስ ማጣሪያው የተቆረጠለትም ካጋጠመህ ተወው። ሕገ ወጥ ከመሆኑ ሌላ፣ ያን ያደረገ ሰው ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩንም ነካክቶ ጉልበት ጨምሮበታል።

ሲፒ4 ያለበትን ስታይ የናፍጣ ፊልትሮውን አስፈታ። ውስጡ የቀረውን ናፍጣ ነጭ ሳህን ላይ አፍስሰህ በባትሪ ብርሃን ቀስ ብለህ አዘንብለው። እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ ነገር ካየህ ፖምፓው መፈቅ ጀምሯል። ሻጩ የፈለገውን ያህል ዋጋ ቢቀንስልህ ቁልፉን መልስለት።

እንግዲህ ምርጫዬን ልንገርህ። አንደኛ፣ ከ2017 እስከ 2019 ያለ ሲልቨራዶ 3500 ወይም ወንድሙ ጂኤምሲ ሴራ፣ ኤል5ፒ ሞተርና ባለ 6 ማርሽ አሊሰን ያለው። ጥሩ ሞተር፣ ጥሩ ፖምፓና ጥሩ ካምቢዮ በአንድ መኪና የተገናኙት በእነዚያ ሦስት ዓመታት ነው። መንገድ ላይ አይጥለኝ ላልከው መልሴ ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ከ2013 እስከ 2018 ያለ ራም 3500 ከአይሲኑ ጋር። ሲፒ3 ፖምፓ አለው፣ ብረቱ ከሦስቱም ይበረክታል። ግን ከገዛህ በዚያው ሳምንት የአየር ማሞቂያውን ብሎን አሠራ። ሦስተኛ፣ ከ2015 እስከ 2019 ያለ ኤፍ-350። ሦስተኛ ያደረኩት ፖምፓው ብቻ ነው፤ በጋቢናና በምቾት ቢሆን ወደፊት በመጣ ነበር። ለእሱ ፖምፓው ቢሞት እንኳ ብናኙ ወደ ኢንጀክተሮቹ እንዳያልፍ ወደ ፊልትሮና ታንከር የሚመልስ ኪት አለ። አስገጥም። ናፍጣ ስትሞላም ልስላሴ የሚጨምር ተጨማሪ ጨምርበት።

የትኛውንም ብትወስድ፣ በወሰድክበት ቀን የናፍጣ ፊልትሮዎቹን በሙሉ ቀይር፤ በእያንዳንዱ መኪና ስንት እንደሆኑ መመሪያው ላይ አለ። የውሃ መለያውን አስቀድመህ አፍስስ። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በማርከር ፊልትሮው ላይ ጻፍበት። ቀጥሎ የሚከፍተው ሜካኒክ ያንን ጽሑፍ ሲያይ እንዴት እንደሚሠራልህ ታያለህ።